ደብረ ብርሃን ላይ የሕፃናት ማሳደጊያ ለመክፈት፦ የትኛው ፈቃድ ከየት ነው?

ጠያቂ፦ የጠባሴ ልጅ

ጤና ይስጥልን። ሰባት ሆነን በደብረ ብርሃን ከተማ አሳዳጊ ላጡ 20 ሕፃናት ማሳደጊያ ለመክፈት አስበናል። ጠባሴ አካባቢ ስድስት ክፍል ያለው ግቢ ለአምስት ዓመት ሊያከራዩን የፈቀዱ ሰው አሉ። የእድራችን ዳኞችም ሊያግዙን ዝግጁ ናቸው። ግራ ያጋባን ወረቀቱ ነው። አንዱ ባሕር ዳር ሂዱ ይለናል፣ ሌላው አዲስ አበባ፣ ሌላው ደግሞ ንግድ ፈቃድ አውጡ ይላል። ሥራውን በትክክል የሚያውቅ ሰው ቢመልስልን እናመሰግናለን።

ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው? ከምንስ ይጀመራል? እድሩ በራሱ ስም ሊከፍተው ይችላል? ሕፃናቱን ከማን ነው የምንቀበለው? ገና የተወለዱትንስ መቀበል እንችላለን? ቤቱ ምን ማሟላት አለበት? ለ20 ልጅ ስንት ሠራተኛ ይበቃል?

መልስ፦ የሞረት ጠበቃ

እንደምን ሰነበታችሁ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይጥራ። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት ነው። የእናንተው ደብረ ብርሃን ያለበት በአማራ ክልል ነው፣ ፍቼ ያለበት ደግሞ በኦሮሚያ። ቢሮውም የቤተሰብ ሕጉም ይለያያል። ከሰው የተቀበላችሁትን ቅጽና ናሙና ደንብ ከመሙላታችሁ በፊት የየትኛው ክልል እንደሆነ ራስጌውን እዩ። እናንተን የሚመለከተው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው 213/1992 የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ነው።

ግራ የተጋባችሁት የሚያስፈልጋችሁ ፈቃድ አንድ ስላልሆነ ነው። አንደኛው ሕጋዊ ሰውነት ነው፤ ድርጅታችሁ በስሙ ውል የሚፈርም፣ ባንክ ሒሳብ የሚከፍት፣ የሚከስና የሚከሰስ እንዲሆን። ሁለተኛው ሕፃናትን አሳድሮ የመንከባከብ ፈቃድ ነው። የመጀመሪያውን የሚሰጠው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን የሚመዘግበው አካል ነው፣ ሁለተኛውን ደግሞ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት። ብዙዎች የመጀመሪያውን ይይዙና "ፈቃድ አለን" ብለው ልጅ መቀበል ይጀምራሉ። ያ የምዝገባ ምስክር ወረቀት አንድም ልጅ አሳድሩ አይልም።

ንግድ ፈቃድ ያሏችሁ ሰዎች ያሰቡት የሕፃናት ማቆያን ሳይሆን አይቀርም። ማቆያ ወላጅ ጠዋት አድርሶ፣ ከፍሎ፣ ማታ የሚወስድበት ነው። ማሳደጊያ ልጁ የሚያድርበትና የሚያድግበት ነው። በማመልከቻችሁ ላይ ሁለቱን ቃላት አታቀያይሩ፤ በአንድ ቃል ምክንያት ፋይሉ ወደ ሌላ ክፍል ተመርቶ ሳምንታት ይባክናሉ።

ምዝገባው የት ነው? የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሚመለከተው ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን፣ የውጭ ድርጅቶችንና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የተቋቋሙትን ነው። ስለዚህ ሥራችሁ በአማራ ክልል ብቻ የሚወሰን ከሆነ ምዝገባችሁ በክልሉ ነው። ነገ ፍቼ ወይም አዲስ አበባ ላይ ቅርንጫፍ እንከፍታለን የምትሉ ከሆነ ግን ከወዲሁ በፌዴራሉ ባለሥልጣን መመዝገብ ይሻላችኋል።

እድሩን በተመለከተ። እድር፣ እቁብና የሃይማኖት ተቋም ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው፤ በዚህ የተነሳ ብዙዎች "እንግዲያው መመዝገብ አይጠበቅብንም" ይላሉ። ስህተት ነው። እድሩ ለአባላቱ ቀብርና ሐዘን የተቋቋመ ነው። ሕፃናት ማሳደግ ሌላ ሥራ ስለሆነ በራሱ ስምና በራሱ ቦርድ የሚመራ ድርጅት ይፈልጋል። እድሩ መሥራች፣ ገንዘብ ሰጪ ወይም የቦርድ አባል አቅራቢ መሆን ይችላል። ይህ ለእድሩም ጥበቃ ነው፤ ማሳደጊያው ቢከሰስ ወይም ቢዘጋ የእድሩ ድንኳን፣ ወንበርና ተቀማጭ ለዕዳ አይቀርብም።

ስለ መተዳደሪያ ደንቡ ሦስት ነገር ልበል። የዓላማ አንቀጹን "ማሳደጊያ መክፈት" ብላችሁ አታጥብቡት። ልጅን ከቤተሰቡ ጋር መልሶ ማቀላቀል፣ ከዘመድ ጋር ያሉትን መደገፍና ከአደራ ቤተሰብ (የሌላን ሰው ልጅ በአደራ ተቀብሎ በቤቱ ከሚያሳድግ ቤተሰብ) ጋር ማስቀመጥ የሚሉትን አስገቡ፤ አለበለዚያ በዓመቱ ደንብ ለማሻሻል እንደገና ትሰለፋላችሁ። ሁለተኛ፣ ሥራ አስኪያጁና የቦርድ ሰብሳቢው ባልና ሚስት ወይም ወንድማማች እንዳይሆኑ በደንቡ ከልክሉ። በአንድ ማሳደጊያ ውስጥ ልጅ ሲጎዳ አቤቱታው የሚቀርበው ለቦርዱ ነው፣ ቦርዱ የሥራ አስኪያጁ ማጀት ከሆነ አቤቱታው እዚያው ይቀበራል። ሦስተኛ፣ ድርጅቱ ቢፈርስ የተረፈው ንብረት ወደ መሥራቾች እንደማይመለስ፣ ለተመሳሳይ ሥራ ለሌላ ድርጅት እንደሚተላለፍ ጻፉ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መሥራቾች ተሰብስበው ቃለ ጉባኤ ይፈራረማሉ፣ ደንቡን ያጸድቃሉ፣ ስም ያስይዛሉ (ሁለትና ሦስት አማራጭ ስም ይዛችሁ ሂዱ)፣ ይመዘገባሉ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያወጣሉ፣ በድጋፍ ደብዳቤ ባንክ ሒሳብ ይከፍታሉ። ከዚያ የፕሮጀክት ሰነድ አዘጋጅታችሁ ከሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መዋቅርና ከገንዘብ መሥሪያ ቤቱ ጋር የፕሮጀክት ስምምነት ትፈርማላችሁ። ቤቱ በባለሙያ ይታያል። ፈቃዱ ሲደርስ ብቻ የመጀመሪያው ልጅ ይገባል። በከተማው ውስጥ ስለሆናችሁ በር የምታንኳኩት የደብረ ብርሃን ከተማ አስተዳደርን የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መምሪያ ነው። ከከተማው ውጭ፣ ለምሳሌ ደብረ ሲና ወይም እነዋሪ ቢሆን ኖሮ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ተጀምሮ በዞኑ መምሪያ በኩል ነበር የሚያልፈው። የከተማውን መምሪያ ሳታዳርሱ ባሕር ዳር ወዳለው ቢሮ ቀድማችሁ ብትሄዱ ወደ ታች ይመልሷችኋል።

የፕሮጀክት ሰነዱ ላይ የሚወድቀው ሰው ብዙ ነው። "በአካባቢው ብዙ ወላጅ አልባ ሕፃናት አሉ" የሚል ዓረፍተ ነገር ፍላጎትን አያሳይም። ከየቀበሌው ስንት ሕፃን፣ በስንት ዕድሜ፣ አሁን ከማን ጋር እንዳለ፣ ዘመዱ ለምን ሊያሳድገው እንዳልቻለ ቀበሌው በማኅተም ያረጋገጠው ዝርዝር አያይዙ። በ2001 ዓ.ም. በሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር የወጣው የአማራጭ ሕፃናት ክብካቤ መመሪያ ተቋምን የመጨረሻ አማራጭ አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ሰነዱ "ለምን ቤተሰብ አልሆነም?" ለሚለው ጥያቄ መልስ ከሌለው አያልፍም። ባያልፍም ትክክል ነው።

መልስ፦ ማኅበራዊ ሠራተኛ ከሸዋ ሮቢት

የጠበቃው መልስ ድርጅቱን የሚመለከት ነው። እኔ ስለ ልጁ ልጻፍ፤ የድርጅቱ ፈቃድ ቢኖራችሁም እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ወረቀት ይዞ ነው የሚገባው።

ልጅን ከመንገድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ከጤና ጣቢያ ወይም ከእናቱ እጅ በቀጥታ አትቀበሉም። ልጁ የሚመጣው በሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሸኚ ደብዳቤ ነው። ተጥሎ የተገኘ ከሆነ ያገኘው ሰው ለፖሊስ ያስታውቃል፤ ፖሊስ የተገኘበትን ቦታ፣ ሰዓትና የለበሰውን ልብስ ጭምር መዝግቦ ለጽሕፈት ቤቱና ልደትና ሞት ለሚመዘግበው የክብር መዝገብ ሹም ያሳውቃል። የለበሰውን ልብስ ያልኩት በምክንያት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ "ልጄ ነው" ብላ የምትመጣ እናት የፎጣውን ቀለም ወይም የማተቡን ክር ትናገራለች፣ የፖሊሱ መዝገብ ያን ይዞ ከተገኘ ልጁ ወደ ቤቱ ይመለሳል። መዝገቡ "አንድ ወንድ ሕፃን" ብቻ ካለ መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው።

የልጁ ፋይል ውስጥ የሚገኘው፦ ሸኚ ደብዳቤው፣ የፖሊስ ማስረጃ (ካለ)፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ ወላጆቹ ሞተው ከሆነ የሞት የምስክር ወረቀት፣ የጤና ምርመራና የክትባት ካርድ፣ ሲገባ የተነሳው ፎቶ፣ የትምህርት ቤት መልቀቂያ፣ የዘመድ ፍለጋው ማስታወሻ (ማን፣ መቼ፣ የት ተጠየቀ፣ ምን አለ)፣ እና የክብካቤ ዕቅድ። ዕድሜው ካልታወቀ ጤና ተቋም ይገምታል፣ እናንተ አትገምቱም። በአዋጅ 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን ይመዘገባልና "አልፎበታል" ተብሎ አይተው፤ ልደቱ ያልተመዘገበ ልጅ በኋላ ፈተና ለመቀመጥም መታወቂያ ለማውጣትም ይንገላታል።

አንድ ሰነድ ሁልጊዜ ይረሳል፤ በእኛ ዞን ግን ከሁሉ በላይ ዋጋ ያለው እሱ ነው፦ የመሬት ይዞታ ደብተር። ከመንዝ፣ ከአንኮበር ወይም ከግሼ የሚመጣ ልጅ ወላጆቹ ቢሞቱም መሬት ይኖረዋል። ልጁ ወደ ከተማ ሲመጣ መሬቱን አጎቱ ወይም ጎረቤት ያርሰዋል፣ ከዓመታት በኋላ "ማን ነህ?" ይባላል። ስለዚህ ልጁን በተረከባችሁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አሳውቁ፣ የደብተሩን ቅጂ አስገቡ፣ በልጁ ስም የሚከራይ ከሆነ ኪራዩ በልጁ የባንክ ደብተር እንዲገባ አስደርጉ። መሬቱን የማከራየትና የማስተዳደር ሥልጣን ግን የእናንተ ሳይሆን የሞግዚቱ ነው።

ሞግዚት ስንል ሌላ ግራ መጋባት ይመጣል። በአፋችን ሞግዚት ማለት በደመወዝ ልጅ የምትይዝ ሴት ናት። በቤተሰብ ሕጉ ግን ሞግዚት የልጁን ንብረት የሚያስተዳድርና በሕግ ፊት የሚወክለው ሰው ነው፣ አሳዳሪ ደግሞ አካሉንና አስተዳደጉን የሚመራው። ወላጆች ሲሞቱ ሕጉ አያቶችን፣ ለአካለ መጠን የደረሱ ወንድምና እህቶችን፣ አጎትና አክስትን በቅደም ተከተል ይመለከታል። ከሌሉ ወይም ካልቻሉ ፍርድ ቤት ይሾማል። ለሠራተኞቻችሁ በምታወጡት ማስታወቂያና ውል ላይ "ተንከባካቢ" በሉ። "ሞግዚት" ብላችሁ ቀጥራችሁ በልጅ ንብረት ጉዳይ ፍርድ ቤት ስትቀርቡ ቃሉ ያደናግራል።

ስለ ዕድሜው። ከሦስት ዓመት በታች ያሉትን አትቀበሉ ብዬ ነው የምመክረው። የተባበሩት መንግሥታት በ2009 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የአማራጭ ክብካቤ መመሪያም በዚህ ዕድሜ ያሉ ሕፃናት በቤተሰብ ውስጥ እንዲያድጉ ነው የሚለው። ምክንያቱ ወተትና ዳይፐር አይደለም፤ በቀን ሦስት ሰው እየተፈራረቀ የሚያቅፈው ጨቅላ አንዱንም አይለምድም። በደንብ ጠግቦ፣ ንጹሕ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ሰው ሲገባ የማያለቅስና የማይስቅ ሕፃን ካያችሁ እሱ ነው። እነዚህን አንዲት የአደራ እናት፣ ደሞዝና ቁሳቁስ እያቀረባችሁላት፣ በቤቷ እንድትይዛቸው አድርጉ።

ወንድምና እህት አይለያዩም። "ቤታችን የሴቶች ብቻ ነው" ብሎ ወንድሙን ሌላ ከተማ መላክ በየጊዜው የሚፈጸም ጥፋት ነው። ሁለቱንም መያዝ ካልቻላችሁ አንዱንም አትያዙ፤ ሁለቱን የሚይዝ ይፈለግ።

ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰብ ለማውጣት ምክንያት አይሆንም። አያት "ማብላት አቃተኝ" ብላ ስታመጣ መልሱ አያቷን መደገፍ ነው። አንድ ልጅ በማሳደጊያ ለማሳደር የሚወጣው ገንዘብ ተንከባካቢ፣ ጥበቃ፣ ኪራይ፣ መብራትና ሒሳብ ሠራተኛ ሁሉ ተደምሮበት ነው፣ በዚያው ገንዘብ ከአያቱ ጋር ከአንድ በላይ ልጅ ይደገፋል። ከመፈናቀል ጋር የመጡ ልጆች ደግሞ ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ማንም ሳይኖረው ብቻውን የተገኘና ከወላጅ ተለይቶ ከዘመድ ጋር ያለ። ሁለተኛውን ወደ ማሳደጊያ ማምጣት ሌላ መለያየት መፍጠር ነው። ብቻውን ለተገኘው ከማንም በፊት የቤተሰብ ፍለጋ ይጀመርለት፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማገናኘት አገልግሎት አለው፣ የልጁን ስም፣ የአባት ስም፣ የቀበሌና የጎጥ ስም በትክክል ይዛችሁ አስመዝግቡ።

የልጁ ዕቅድ ቢያንስ በየሦስት ወሩ ይታይ። በእያንዳንዱ ግምገማ መጠየቅ ያለበት "እንዴት ነው?" ብቻ አይደለም፤ "ዛሬም እዚህ መሆን አለበት ወይ?" ተብሎ ይጠየቅ። ፋይሉ ውስጥ መግቢያው ብቻ ተጽፎ መውጫው ካልተጻፈ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው በአንድ ሻንጣ በር ላይ ይቀራል።

ጠያቂ፦ የጠባሴ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ብዙ ነገር ጠራልን። ከሦስት ዓመት በታች ያሉትን ከዕቅዱ አውጥተናል። ቤቱንና ሠራተኛውን የሚያውቅ ቢጨምርልን። ክፍሎቹ 4 በ4 ናቸው፣ መስኮቶቹ የብረት ፍርግርግ አላቸው።

መልስ፦ የግቢ አስተዳዳሪ

ከፍርግርጉ ልጀምር፣ ምክንያቱም ደብረ ብርሃን ላይ ያለ ኪራይ ቤት ብዙው አለው፣ እሳት ሲነሳ መውጫ ዘግቶ ሰው የሚገድለውም እሱ ነው። በእያንዳንዱ መኝታ ክፍል ቢያንስ አንዱ ፍርግርግ በማጠፊያ የሚከፈት ይሁን፣ መቀርቀሪያው ከውስጥ፣ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ በጨለማ ሊከፍተው በሚችለው ከፍታ። የኋላ በር ቁልፍ በጥበቃው ኪስ ሳይሆን በበሩ ላይ ይንጠልጠል። ሌሊት ከውጭ የሚቆለፍ መኝታ ቤት ፈጽሞ አይኑር።

ቀጥሎ ከሰል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ተንከባካቢዋ ልጆቹ በርዷቸው ስታዝን ማንደጃ ታስገባና በሩን ትዘጋለች። የከሰል ጭስ ሰውን የሚያስፈራው ሲሸት ብቻ ነው፣ ግን ከሰሉ ቀልቶ ሽታ ካጣ በኋላም ይገድላል። የቅጥር ደንባችሁ ላይ "ማንደጃ መኝታ ክፍል ማስገባት ያሰናብታል" ብላችሁ ጻፉ፤ ግን ክልከላው ብቻ አይሠራም። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስና የሌሊት ካልሲ ግዙ፣ በበሩ ስር የሚገባውን ንፋስ በጨርቅ ዝጉ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ምንጣፍ አንጥፉ።

4 በ4 ማለት 16 ካሬ ነው። ለመጠለያ የሚጠቀሰው ዝቅተኛው ዓለም አቀፍ መለኪያ ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ ነው፤ እሱም ለአስቸኳይ ጊዜ እንጂ ልጅ ለሚያድግበት ቤት አይደለም። በዚያ እንኳ ብትሄዱ አንድ ክፍል አራት ልጅ ነው የሚይዘው። 20 ልጅ አምስት ክፍል ይወስዳል፣ የቀረችው አንዷ ለመመገቢያ፣ ለጥናት፣ ለቢሮና ለታመመ ልጅ ማቆያ አትበቃም። ስለዚህ ወይ ልጆቹን 12 አድርጉ፣ ወይ ሌላ ቤት ፈልጉ። 12 ብትጀምሩ ነው የምለው። ተደራራቢ አልጋ ከተጠቀማችሁ ከላይ የሚተኛው ከስድስት ዓመት በላይ ይሁን፣ መከለያ ይኑረው። ሴቶችና ወንዶች በክፍል ይለያሉ፣ ትልልቆቹ ከትንንሾቹ ጋር አንድ ክፍል አያድሩም።

ቤቱ መኖሪያ ተብሎ የተፈቀደ ከሆነ አገልግሎቱን ለመቀየር ከከተማው የሕንፃ ሹም ፈቃድ ይጠየቃል። ማመልከቻው የባለቤቱን ካርታና ፊርማ ይፈልጋል። አከራዩ ኪራዩን ፈቅደው ይህን ለመፈረም እንደማይፈልጉ የሚታወቀው ሁልጊዜ ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ነው። ስለዚህ በኪራይ ውሉ ላይ ሦስት ነገር አስጽፉ፦ ቤቱ ለሕፃናት ማሳደጊያ እንደሚውል፣ ፍርግርግና መጸዳጃ ለማስተካከል መፍቀዳቸውን፣ ልቀቁ ለማለት ቢያንስ የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጡ። ልጆችን በአንድ ወር ውስጥ ማዛወር አይቻልም፤ ትምህርት ቤቱም ፈቃዱም ከቤቱ ጋር የተያያዘ ነው።

ውኃ። በግቢው በቀን 20 ልጅና ስድስት አዋቂ ቢኖር፣ ለአንድ ሰው ለመጠጥ፣ ለማብሰያ፣ ለልብስና ለገላ 50 ሊትር ብትይዙ 1,300 ሊትር ነው። መስመሩ ሦስት ቀን ቢጠፋ 3,900። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሁለት ያስፈልጋል ማለት ነው፣ ልጆቹ 12 ከሆኑ ደግሞ 18 ሰው ነውና 2,700 ሊትር፣ ያው ሁለት ሮቶ። መቆሚያው በብረት ይሠራ፤ እንጨት ክረምቱን አይዘልቅም። ሮቶው በሦስት ወር አንዴ ይታጠብ፣ ክዳኑ ይቆለፍ። መጸዳጃ ለስምንት ልጅ አንድ፣ የሴቶቹ በር ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ከመኝታ ቤት እስከ መጸዳጃ መብራት ያለው። የሌሊት ጉዳት የሚደርሰው በዚያች መንገድ ላይ ነው።

ሠራተኛውን በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ እናሰላው። አዋጅ 1156/2011 በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይላል። "ግቢ ውስጥ የምታድር እናት" እየተባለ አንዲት ሴት ለ24 ሰዓት የምትያዝበት ውል ሕግ መጣስ ነው፣ ልጅንም ይጎዳል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው እጁ ለመምታት ይፈጥናል። ቀን በሁለት ፈረቃ 16 ሰዓት ሁለት ተንከባካቢ ብትመድቡ በሳምንት 224 ሰዓት ነው። ሌሊት አንዲት ነቅታ የምታድር 8 ሰዓት፣ በሳምንት 56። ድምሩ 280 ሰዓት፤ ለ48 ስታካፍሉት ስድስት ሰው ይጠጋል። የዓመት ፈቃድ ለአዲስ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን ነው፣ የሕመምና የበዓል ቀን ሲጨመር ሰባተኛዋ ያስፈልጋል። ይህ ተንከባካቢ ብቻ ነው። ምግብ አብሳይ፣ ጥበቃ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛና ሒሳብ ያዥ ሌላ ነው።

ስትቀጥሩ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ በጣት አሻራ ይቅረብ፣ የቀድሞ አሠሪ በስልክ ይጠየቅ፣ የጤና ምርመራ ይደረግ፣ የምግብ ሠራተኞችማ በየጊዜው ይታዩ። የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነውና በእሱ ውስጥ እዩዋቸው። በጎ ፈቃደኛም፣ እንግዳም፣ የቦርድ አባልም ያለ ሠራተኛ ከልጅ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል አይቀመጥም፣ ልጅ ይዞም ከግቢ አይወጣም። ይህን በጽሑፍ አድርጉትና እያንዳንዱን ሰው አስፈርሙ። ሕፃንን መጉዳት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ያስጠይቃል፤ የሥነ ሥርዓት ቅጣት ብላችሁ ግርፋትን በደንባችሁ ውስጥ እንዳታስገቡ። የአቤቱታ ሳጥኑን ደግሞ በቢሮው በር ላይ አታድርጉት። ልጅ ሲጽፍ እንዳይታይ መጸዳጃው አካባቢ ይሁን፣ ቁልፉም በከተማው መምሪያ ባለሙያ እጅ።

መልስ፦ ሒሳብ ያዥ ከአረርቲ

በአጭሩ የገንዘቡን። በአዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ በክልል ብትመዘገቡም በዚሁ ልክ አቅዱ። በዓመት 3,000,000 ብር ገቢ ቢኖራችሁ ለአስተዳደር 600,000 ነው። የተንከባካቢ ደመወዝና የልጆች ምግብ የፕሮጀክት ወጪ ነው፤ የሥራ አስኪያጁና የቢሮው ወጪ አስተዳደር። ከመጀመሪያው ቀን ለሁለቱ የተለያየ መዝገብ ክፈቱ፣ በዓመቱ መጨረሻ ለኦዲት ለመለየት ስትሞክሩ ደረሰኙ ይቀላቀልባችኋል። ጡረታ አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ነው። 5,000 ብር ለሚከፈላት ተንከባካቢ ከእናንተ 550፣ ከእሷ 350 ይወጣል፤ ብዙ አዲስ ድርጅት 11ዱን በጀት ውስጥ ሳያስገባ ይቀርና በኋላ ከነቅጣቱ ይከፍላል።

የ12 ወር ወጪ በባንክ ሳይቀመጥ አትክፈቱ። ቃል የተገባ ገንዘብ ገንዘብ አይደለም። በዓይነት የሚሰጣችሁን ጤፍ፣ ዘይትና ልብስ ሁሉ በገቢ ደረሰኝ አስገቡ፣ በወጪ ሰነድ አስወጡ፤ ወፍጮ ቤት የተላከ ኩንታል ሳይመዘን ተመልሶ መጣ ሲባል ጥርጣሬው የሚያርፈው በጎረቤት ፊት እናንተው ላይ ነው።

ጠያቂ፦ የጠባሴ ልጅ

ሁላችሁንም እናመሰግናለን። ሁለት ጥያቄ ብቻ ቀረን። አንድ የቀበሌ ሰው ሁለት ወንድማማቾችን "ፈቃዱ እስኪደርስ ለጊዜው ያዙልን" እያሉን ነው። ደግሞ ከውጭ አገር የሚረዱን ወዳጆች የልጆቹን ፎቶና ታሪክ አስቀድመን እንድንልክላቸው፣ አንድ ባልና ሚስትም በኋላ ልጅ ወስደው ማሳደግ እንደሚፈልጉ ጽፈውልናል።

መልስ፦ የሞረት ጠበቃ

ሁለተኛውን በቅድሚያ ልመልስ። ኢትዮጵያዊ ልጅን ለውጭ አገር ዜጋ በጉዲፈቻ መስጠት በ2010 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1070 ቀርቷል። ለባልና ሚስቱ ዛሬውኑ በጽሑፍ "አይቻልም" ብላችሁ መልሱላቸው። ደብዳቤያቸውን ሳትመልሱ እርዳታቸውን ከተቀበላችሁ ነገ በሰው መነገድ ምርመራ ውስጥ የሚገባው የእናንተ ስም ነው። በአገር ውስጥ ጉዲፈቻ ይቻላል፣ እሱም በፍርድ ቤት ሲጸድቅ ብቻ። ፎቶ አትላኩ። ገና ያልተቀበላችሁትን ልጅ ፎቶ መላክ ልጁን ገንዘብ መለመኛ ማድረግ ነው። ከገባም በኋላ ፊቱ፣ ስሙና የወላጆቹ አሟሟት ከፋይሉ አይወጣም፤ ለረጂዎች የቤቱን ሥራና ሒሳቡን ላኩላቸው።

መልስ፦ ማኅበራዊ ሠራተኛ ከሸዋ ሮቢት

ወንድማማቾቹን አትያዙ። እምቢ ብላችሁ ግን አትተዉአቸው። ነገ ጠዋት ከቀበሌው ሰው ጋር ሆናችሁ ወደ ከተማው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መምሪያ ሂዱና ጉዳዩ በደብዳቤ እንዲመዘገብ አድርጉ። ልጆቹ አሁን የሚያድሩት ከማን ጋር እንደሆነ፣ አያት ወይም አክስት እንዳለ፣ የወላጆቹ መሬት የት ቀበሌ እንደሆነ ይጻፍ። አደጋ ላይ ካሉ ፖሊስም አብሮ ይወቅ። የሚያስጠጋቸው ዘመድ ከተገኘ፣ ለእናንተ ቤት ኪራይ ካሰባችሁት ላይ ቀንሳችሁ ለዚያ ዘመድ ጤፍ፣ ብርድ ልብስና ደብተር በመምሪያው በኩል ማቅረብ ትችላላችሁ። ለዚህ የማሳደጊያ ፈቃድ አያስፈልግም፣ ከነገ ጀምሮ ይቻላል።